«ምን ወለድሽ?» ብዬ ጠየቅኳት፤ ምነው አፌን በያዘው

የሽሮሜዳዋ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። ይኼን ከመጻፌ በፊት አንድ ቀን ሙሉ አመንትቻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ማንንም ለማማት አይደለም።

ቢሮ ውስጥ ከኔ ትይዩ የምትቀመጥ ልጅ አለች፤ ሒሳብ ክፍል ነች። ነፍሰ ጡር ነበረች። መጨረሻ አካባቢ ሆዷ ከጠረጴዛው አላስጠጋ ብሏት ወንበሯን በጎን አዙራ ነበር የምትሠራው። ከዚያ እኔ የዓመት ፈቃዴን ወስጄ ለ3 ሳምንት አገር ቤት ሄድኩ። ስመለስ ቁጭ ብላ ትሠራለች። ሆዷ የለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም ብሎ ማሰብ ነበር። ወልዳ በሁለት ሳምንቷ ሥራ የምትገባ ሴት የታለች? ሕጉ እንኳ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ይሰጣል። እኔ ግን ገና ከበሩ «እንኳን ማርያም ማረችሽ! ምን ወለድሽ? ገንፎውን ሳልቀምሰው!» ብዬ ጮህኩ።

ቢሮው ጭጭ አለ። እሷ ፈገግ አለች። «ሴት ነበረች» አለችኝ። ከዚያ ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች።

በኋላ ሻይ ክፍል ሌሎቹን ጠየቅኩ። መውለጃዋ ሲደርስ የልጇ እንቅስቃሴ ጠፋባት። ሐኪም ቤት ስትሄድ የልብ ምት የለም ተባለች። እንደማንኛዋም ሴት አምጣ ወለደቻት። «እና ምን አላችኋት?» አልኩ። «ምንም። እንዳናስታውሳት ብለን።»

እንዳናስታውሳት! የረሳችው ይመስል።

አሁን የሚያንገበግበኝን ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት የአለቃችን አጎት ሞቶ ሚኒባስ ተከራይተን ደብረ ብርሃን ድረስ ሄደን ለቅሶ ደርሰናል። ገንዘብ አዋጥተናል። ሰውዬውን በሕይወቱ አንድም ቀን አይተነው አናውቅም። ለዚህች ልጅ ግን አንድ ሰው «እግዜር ያጥናሽ» አላላትም።

የዚያን ዕለት ከሰዓት ሙቀቱ ሰው ይፈጃል። እሷ ወፍራም ሹራቧን አላወለቀችም። ሰነድ ልትሰጠኝ ስትነሳ ነው ያየሁት። ደረቷ ላይ ርሷል። ቶሎ በፋይሉ ሸፈነችው፤ እኔም እንዳላየ ሆንኩ።

ምን ላድርግ? ይቅርታ ልበላት? ወይስ ዝም ማለቱ ይሻላል?

---

አዋላጇ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡15

እህቴ፣ አታላቅሺኝ። 14 ዓመት ማዋለጃ ክፍል ሠርቻለሁ። ሹራቧ ላይ ስላየሽው ነገር ልንገርሽ፤ ሰው ስለማያውቀው ነው።

ወተት ልጁ መኖር አለመኖሩን አያውቅም። የእንግዴ ልጅ ሲወጣ ሰውነት «ተወልዷል» የሚል መልእክት ይደርሰዋል። በሁለተኛው ወይ በሦስተኛው ቀን ጡት ይሞላል። ይወጠራል፣ ያማል፣ ይፈሳል። ሌላ ሕፃን ሲያለቅስ ከሰማች ደግሞ ይብስባታል። ብዙ እናቶች ያለማንም አስጠንቃቂ ቤታቸው ይገቡና ሌሊት ልብሳቸው ርሶ ይነቃሉ። «ልጄ የሞተችው ያኔ ነው» ያለችኝ እናት አለች። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ ብቻዋን።

የምንመክረው ቀላል ነው። ጠበቅ ብሎ የማያስጨንቅ ጡት መያዣ፣ ቀዝቃዛ ጨርቅ፣ ሕመሙ ካየለ ለማስታገሻ ያህል ትንሽ ማለብ። ጨርሶ ማለብ ግን ወተቱን ያበዛዋል። ካተኮሳትና ጡቷ ከቀላ ሐኪም ትይ።

ሌላው ደግሞ፣ ልጇ ብትሞትም እሷ አራስ ናት። ማሕፀኗ እንደማንኛዋም አራስ ነው የሚድነው። ደሟ ይፈሳል፣ ወገቧ ይቆረጣል። አጥሚት የሚያስፈልጋት፣ ገንፎ የሚያስፈልጋት፣ ተኝታ መጠየቅ የሚገባት ሰው ናት። እኛ ሰዎች ግን ሕፃኑ ከሌለ አራሷም የለችም ብለን እንደመድማለን።

ብቸኛዋ እንዳይመስላት። በዓለም ላይ በየዓመቱ 2 ሚሊዮን ገደማ ሕፃናት ከ28 ሳምንት እርግዝና በኋላ ሞተው ይወለዳሉ። ከዚያ በፊት የሚጨነግፈው ሲቆጠርማ፣ እርጉዝ መሆናቸውን ካወቁ 100 ሴቶች ከ10 እስከ 15 የሚሆኑት ይደርስባቸዋል። ታክሲ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠችው ሴት አንዷ ልትሆን ትችላለች።

---

ቀበና ማዶ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡52

እኔ ትንሽ ልለይ። ባልደረቦችሽን አትውቀሻቸው። የኛ ሰው ዝም የሚለው ስለማይገደው አይደለም። ገመና መሸፈን የሚባል ነገር አለ። ሰው ራሱ ያልነገረህን አትጠይቅም፤ እንዲህ ተብለን ነው ያደግነው። ልጅቷም «ሆድ ይፍጀው» ብላ ይሆናል። ሥራዋ ላይ ስትሆን ትንሽ ልትረሳው ስትሞክር አንቺ ሄደሽ ቁስሏን ብትነኪባት ለማን ይበጃል? ለሷ ወይስ ለጸጸትሽ?

ክፉ ለመናገር አይደለም። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ይመስለኛል።

---

ትዕግሥት አልቋል · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4፡08

@ቀበና ማዶ፣ ከፊሉን እስማማለሁ። ምክንያቴን ልንገርህ።

እኔ በ5ኛ ወሬ ነው የጨነገፈብኝ። ከዝምተኞቹ ይልቅ ያቆሰሉኝ ጠያቂዎቹ ናቸው። አክስቴ መጥታ አልጋዬ ላይ ተቀመጠችና መርማሪ ፖሊስ ሆነች። «ምን አነሳሽ? ቡና አበዛሽ? ሽታ መታሽ? ፀሐይ ላይ ቆመሽ ነበር?» ባልዲ አንስቼ ነበር። አንድ ባልዲ ውኃ! ሁለት ዓመት ሙሉ ያንን ባልዲ እያየሁ ልጄን የገደልኩ ይመስለኝ ነበር። በኋላ አንዲት ሐኪም ናት «አንቺ ያደረግሽው ነገር አይደለም» ያለችኝ። መጀመሪያ አካባቢ ከሚጨነግፈው ግማሽ ያህሉ ገና ሲፀነስ በነበረ የክሮሞዞም ችግር ነው አለችኝ። የኔ ዘግየት ያለ ስለሆነ ምክንያቱ አልታወቀም። ባልዲ ግን አይደለም።

ከዚያ የሚያጽናኑት መጡ። «ገና ልጅ ነሽ፣ ትወልጃለሽ።» «እንኳን አንቺን አተረፈሽ።» «እንኳን ሳትለምጂው።» ይቺ የመጨረሻዋ! ሳልለምደው? 5 ወር ሆዴ ውስጥ የነበረን ልጅ?

ስለዚህ የሽሮሜዳዋ፣ ሂጂ፤ ግን አትመርምሪያት፣ አታጽናኛትም። ለቅሶ ቤት ሰው ምን ያደርጋል? ገብቶ፣ «እግዜር ያጥናችሁ» ብሎ፣ ቁጭ ይላል። ንፍሮ ይበላል። ማንም «ለምን ሞተ» እያለ አስከሬን አይመረምርም። የምናውቀውን ነገር እዚህ ላይ ለምን እንደምንረሳው አይገባኝም።

---

አባ ወራ · ማክሰኞ፣ ከሌሊቱ 5፡30

አንባቢ እንጂ ጸሐፊ አይደለሁም። ዛሬ እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ከ6 ዓመት በፊት ወንድ ልጃችን ሞቶ ተወለደ። ባለቤቴ አልጋ ላይ ነበረች። ሁሉም ሰው ለኔ ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ «ሚስትህን አበርታ።» እሺ አልኩ። የሐኪም ቤት ወረቀት አስጨረስኩ። ልጄን በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ። በምን እንደምወስደው እንኳ አላሰብኩም ነበር። ጋቢዬን አውልቄ አቀፍኩበትና ላዳ ጠራሁ።

ሾፌሩ ጎልማሳ ሰው ነው። ሙዚቃ ከፍ አድርጎ ከፍቷል። የምሄድበትን ቤተ ክርስቲያን ነገርኩት። በመስታወት አየኝ። ክንዴን አየ። ሕፃን የያዘ ሰው እንዴት እንደሚይዝ ታውቃላችሁ አይደል? ይወዛወዛል፣ ፊቱን ይገልጣል። እኔ አልገለጥኩም።

እጁን ሰደደና ሙዚቃውን አጠፋ። አንድ ቃል አልተናገረም። መኪናውን ቀስ አድርጎ፣ እያንዳንዷን ጉድጓድ እየሸሸ ነዳ። እዚህ ከተማ እንደዚያ የነዳ ላዳ አይቼ አላውቅም። ልጄ እንዳይነቃ የፈለገ ይመስል ነበር።

ስንደርስ ሒሳብ ሰጠሁት፤ አልተቀበለኝም። ከመኪናው ወርዶ ኮፍያውን አወለቀ። «እግዜር ያጥናህ ወንድሜ» አለኝ። ያን ቃል ለኔ ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። ከዚያ ቆፋሪውና እኔ ብቻ እንዳንሆን አብሮኝ ገባ። እስኪያልቅ ቆመ።

ስሙን አልጠየቅኩትም። የታርጋ ቁጥሩንም አላየሁ። እስከዛሬ ሰማያዊ ላዳ ባየሁ ቁጥር ሾፌሩን አጎንብሼ አያለሁ።

@ቀበና ማዶ፣ እሱም ምንም አልጠየቀኝም። ገመናዬንም አልነካም። ግን አየኝ።

---

ጉንፋኑ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 3፡05

ይኼን ክር ቢሮ ውስጥ ሆኜ እያነበብኩ ዓይኔ ቀላ። አለቃዬ «ምን ሆነሃል?» አለኝ። «ጉንፋን» አልኩት። «ማር በሎሚ ጠጣበት» ብሎኝ ሄደ። ይኸው እኔም ደበቅኩ።

---

የእድር ጸሐፊ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 5፡20

ልጆቼ፣ እኔ በዕድሜ ገፋ ያልኩ ነኝ፤ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ጊዜዬ ነው። ድንኳኑ ለምን እንደማይጣል ልንገራችሁ።

በኛ በኦርቶዶክሶች ዘንድ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ። ክርስትና ሳይነሳ ለሞተ ፍትሐት አይደረግም። ፍትሐት ከሌለ ቀብር አይታወጅም። ቀብር ካልታወጀ ጡሩምባ ነፊው አይወጣም። ጡሩምባ ካልተነፋ እድርተኛው አይሰማም፣ አይመጣም። የኛም መተዳደሪያ ደንብ ክፍያውን የሚጽፈው «ክርስትና ለተነሳ ልጅ» ብሎ ነው። እኔ ራሴ ነኝ በእጄ የጻፍኩት። ስጽፈው ሒሳብ እንጂ ሰው አልታየኝም።

ግን ሐዘኑ ሌላ መውጫ አጥቶ አያውቅም። ስማችንን ተመልከቱ። ምትኩ፣ ምትኬ፣ ተካ፣ ተካልኝ፣ ካሳ፣ ካሳሁን፣ ማስረሻ። እነዚህን ስሞች በየቀኑ እንጠራለን። ምትኩ ማንን ነው የተካው? ካሳ የማን ካሣ ነው? ማስረሻስ ማንን ልታስረሳ መጣች? ለለቅሶ ድንኳን ያልተጣለላት እናት ሐዘኗን በሚቀጥለው ልጅ ስም ላይ አኖረችው። ያውም ሁሉም ሰው በየቀኑ እንዲጠራው። እኛ ግን ስም ብቻ መሰለን።

---

ምትኩ ነኝ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 5፡41

ጋሼ፣ ምን አደረጉኝ?

እውነተኛ ስሜ ነው። 38 ዓመቴ ነው። ማንን እንደተካሁ ጠይቄ አላውቅም።

---

ሰዓዳ ከደሴ · ረቡዕ፣ ከቀኑ 7፡10

አሰላሙ ዐለይኩም። እኛ ዘንድ ትንሽ ለየት ይላል፤ ቢያንስ እኔ ያየሁትን ልናገር። የእህቴ ልጅ በ7ኛ ወሯ ሞታ ስትወለድ አጎታችን ስም አወጣላት። ታጠበች፣ ተከፈነች፣ ተቀበረች። እህቴ ዛሬ ስንት ልጅ አለሽ ስትባል «አራት፤ አንዷ አኼራ ትጠብቀኛለች» ነው የምትለው። ልጁ በቂያማ ቀን እናቱን እየጎተተ ጀነት ያስገባታል የሚለውን ኡስታዛችን ነግሯት ይዛዋለች።

ቢሆንም የሰው ነገር አንድ ነው። «ሰብር አድርጊ» ብለው በሦስተኛው ቀን ጠፉ። ሰብር ያለ ጎረቤት ይከብዳል።

---

ጆሮ ብሱ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1፡25

የእድሩ አባት ስለ ስም ሲያነሡ እኔ ስለ ጆሮዬ ላውራ። ግራ ጆሮዬ ተበስቷል። ወንድ ነኝ፣ ገጠር ነው ያደግኩት። ልጆች ይስቁብኝ ነበር።

እናቴ መጀመሪያ ታላቅ እህቴን በሰላም ወለደች። ከዚያ ተከታትለው ሦስት ሞቱባት። ሁለቱ ሞተው ተወለዱ፤ አንዱ ቢጫ ሆኖ በ3ኛ ቀኑ ሞተ። «ሾተላይ አለባት» ተባለች። ሾተላይ ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ካለ፣ ልጅ ይበላል የሚሉት ነገር ነው። ከዚያ በኋላ አራስ ቤት እንዳትገባ ተከለከለች። ነፍሰ ጡሮች መንገድ ላይ ሲያዩዋት ይሻገሩ ነበር። ውኃ ስትቀዳ ብቻዋን ናት። ሦስት ልጅ ቀብራ፣ ሰው ደግሞ ይሸሻታል።

እኔ ስወለድ ጆሮዬን በሱኝ፤ ለጎረቤት በስም ሸጡኝ፤ ሞት እንዳይለየኝ። ተረፍኩ። እናቴ በጆሮዬ ታምናለች።

ከዓመታት በኋላ ደም ልለግስ ሄጄ ኦ ኔጌቲቭ ነህ ተባልኩ። ነርሷ እንደ ዋዛ «እናትህስ?» አለችኝ። ከዚያ ነው ነገሩ መገለጥ የጀመረው። አዋላጇ ካለሽ አስረጅልኝ፤ እኔ አሳምሬ መናገር አልችልም።

---

አዋላጇ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2፡02

@ጆሮ ብሱ፣ አለሁ ወንድሜ።

ሕዝቡ ሾተላይ የሚለው ብዙ ጊዜ የደም አለመጣጣም ነው። የእናት ደም አርኤች ኔጌቲቭ፣ የአባት ፖዘቲቭ ሲሆን ልጁ የአባቱን ሊወስድ ይችላል። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ምንም አይሆንም። ሲወለድ ግን ደሙ ከእናቱ ደም ጋር ይነካካል፤ የእናት ሰውነት እንደ ባዕድ አይቶ መከላከያ ይሠራበታል። ሁለተኛው ፖዘቲቭ ልጅ ሲመጣ ያ መከላከያ በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ የልጁን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ልጁ ደም ያንሰዋል፣ ያብጣል፣ ቢጫ ይሆናል፣ ይሞታል። ታላቅ እህትህ ለምን እንደተረፈች፣ ሦስቱ ለምን እንደሞቱ ይኸው። አንተ ደግሞ እንደ እናትህ ኔጌቲቭ ስለሆንክ ሰውነቷ አላጠቃህም። ጆሮህ አላዳነህም። እናትህ ከፈለገች ግን በጆሮህ ትመን፤ እኔ አልከራከራትም።

መከላከያው መርፌ ነው፤ አንቲ ዲ ይባላል። ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። በ28ኛው ሳምንት አካባቢ ይሰጣል። ከወሊድ በኋላ ደግሞ የልጁ ደም ፖዘቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ ይደገማል። ከውርጃ በኋላም ሊያስፈልግ ይችላል፤ ሰው ይኼን ይዘነጋል። ዋጋው ይከብዳል፣ በየፋርማሲው አይገኝም። ስለዚህ የደም ዓይነታችሁን ገና በመጀመሪያው ክትትል እወቁና ቀድማችሁ ፈልጉ።

በነገራችን ላይ ቢጫ የሚሆን ወይም ሞቶ የሚወለድ ሁሉ ሾተላይ አይደለም። የሽሮሜዳዋ ባልደረባም ላይ ይኼን ስም እንዳትለጥፉባት።

---

የለንደኗ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡17

ሰላም ከለንደን። እኔም ከተጎዱት ነኝ። ልጄ በ31 ሳምንቷ ነው።

እዚህ አሠራሩ ሌላ ነው። ነርሶቹ ልጄን ቀዝቃዛ አልጋ ላይ አስተኝተው ሁለት ቀን ከኛ ጋር አኖሯት። የእግሯን አሻራ በቀለም ወስደው በሣጥን አድርገው ሰጡን። ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ24 ሳምንት በኋላ ልጅ ለሞተባቸው ወላጆች፣ ለአባትም ጭምር፣ 2 ሳምንት የሐዘን ፈቃድ በሕግ አለ። ከ2024 ወዲህ ደግሞ ከ24 ሳምንት በፊት የጨነገፈባቸው እንግሊዝ ውስጥ ከፈለጉ ከመንግሥት የምስክር ወረቀት ያገኛሉ። ወረቀት ብቻ ነው፤ ግን «ነበረ» ይላል።

እንዲህ ስል ፈረንጅ ይበልጠናል ልል አይደለም። ሁለት ሳምንቱን ጣራ እያየሁ ነው የጨረስኩት። ደጄን ያንኳኳ የለም። ሐበሻ ጓደኞቼ በዋትሳፕ ልብ ላኩ፤ ነጭ ልብ።

በ4ኛው ቀን ከቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንዲት እናት መጡ። በወሬ እንጂ በደንብ አንተዋወቅም። በሩን ስከፍት ነጠላቸውን ለለቅሶ እንደሚደረገው አዘቅዝቀው ለብሰዋል። በለንደን ብርድ፣ ሁለት አውቶቡስ ቀያይረው፣ እንደዚያ ለብሰው። ነጠላውን ሳይ ነው ያፈነዳኝ። ሐዘንተኛ ነኝ ለካ! እስከዚያች ደቂቃ ድረስ በሽተኛ ነበርኩ የሚመስለኝ።

«ማንን ትመስል ነበር?» ብቻ ነው የጠየቁኝ። አሳየኋቸው፤ ፎቶ ነበረኝ። ፎቶውን ይዘው ብዙ ቆዩ። ከዚያ ተነሥተው ቡና ቆሉ። የጭስ ማስጠንቀቂያው ጮኸ፤ በነጠላቸው እያራገቡ አጠፉት፤ ሁለታችንም ሳቅን። በአራት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅኩ።

---

ቀበና ማዶ · ረቡዕ፣ ከምሽቱ 4፡40

አነበብኩ። «ማንን ትመስል ነበር» የሚለውን አላሰብኩትም ነበር። ምርመራም አይደለም፣ ማጽናናትም አይደለም።

አሁንም ቢሮ ውስጥ ሰው ፊት አይሁን እላለሁ።

---

የሽሮሜዳዋ · እሑድ፣ ከቀኑ 10፡30

ተመለስኩ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ሐሙስ ሁሉም ምሳ ሲወጣ ቀረሁ። እሷም ምሳ አትወጣም፤ ለካ ከመጣች ጀምሮ ወጥታ አታውቅም፤ ይኼንንም ያየሁት አሁን ነው። ወንበሬን ስቤ አጠገቧ ተቀመጥኩ። «እግዚአብሔር ያጥናሽ። ሰኞ ስላልኩሽ ይቅር በይኝ» አልኳት። መልስ አልሰጠችኝም። ስክሪኗ ላይ ያለውን ሠንጠረዥ ወደ ታች ወደ ላይ ታደርገዋለች። ልነሣ ስል የለንደኗ እናት ትዝ አሉኝ። «ማንን ትመስል ነበር?»

«አፍንጫዋ የአባቷ ነው» አለች። «ያንን ቦርጫም አፍንጫ። እንዳትወርሰው ስለት ሁሉ ተስዬ ነበር፤ ቁጭ እሱን!» ሳቀች፤ ሳቋ መሀል ላይ ተሰበረ። ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን። የጥበቃው ሠራተኛ ብቅ አለና በሩን በቀስታ ዘግቶ ሄደ። ምሳ ሰዓቱ እስኪያልቅ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ ሰው ሲመልስ እንደነበር በኋላ ሰማሁ።

ለምን በ12 ቀኗ ሥራ እንደገባችም ነገረችኝ። እናቷ የገንፎ ገብስ አስፈጭተው ከአገር ቤት ልከውላት ነበር። 6 ኪሎ። ቅቤው ተነጥሮ በጣሳ ተቀምጧል። ማንም አልነካውም። «ጓዳ በገባሁ ቁጥር እሱ ነው የሚያየኝ። ቤት መዋል አቃተኝ» አለች።

አዋላጇ «እሷ አራስ ናት» ያልሽው ጭንቅላቴ ውስጥ ነበር። ቅዳሜ ከአንዲት ባልደረባዬ ጋር ቤቷ ሄድን። አራስ ልጠይቅ ነው የሄድኩት ወይስ ለቅሶ ልደርስ? ሁለቱንም። ባለቤቷ በር ከፈተልን። ለሱም «እግዜር ያጥናህ» አልኩት። @አባ ወራ፣ አንተን አስቤ ነው። ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ።

«ገንፎውን ላገንፋልሽ?» አልኳት። ረጅም ጊዜ አየችኝ። «አገንፊው» አለች። ገንፎ ማገንፋት እንደማልችል የገባኝ ያኔ ነው። እብጥብጥ አደረግኩት። እሷ ራሷ ተነሥታ ማማሰያውን ቀማችኝና ጨረሰችው። መሀሉን ጎድጉዳ ቅቤና በርበሬውን አፈሰሰችበት። እልልታ የለም። አራታችን ከአንድ ገበታ በላን። ብዙ በላች።

ዛሬ ፈቃድ ጠይቃ ቤት ልትቆይ መወሰኗን ጻፈችልኝ። የቀረውን ዱቄት ለሁለት ከፍላ ግማሹን ለጎረቤቷ አራስ ሰጥታለች።

---

የእድር ጸሐፊ · እሑድ፣ ከምሽቱ 12፡50

የሚመጣው ወር ጠቅላላ ስብሰባችን ነው። አንቀጹን አጀንዳ አስይዣለሁ። የገንዘቡ ነገር ያከራክራል፤ አውቃቸዋለሁ። ቢያንስ ሦስት እድርተኛ ሄዶ አብሯቸው እንዲያመሽ የሚለው ያልፋል ብዬ አስባለሁ።

---

ምትኩ ነኝ · እሑድ፣ ከምሽቱ 3፡33

እኔም የሆነውን ልበል።

አርብ ማታ እማዬ ጋ ደወልኩ። እንደ ወትሮው ዝናብ ዘነበ ወይ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው ተባባልን። ከዚያ «እማ፣ እኔ የማን ምትክ ነኝ?» አልኳት።

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ» አልኩ። «አለሁ» አለች። «ምነው ዛሬ ምን ነካህ?»

«እንዲሁ። ልወቅ ብዬ።»

ሴት ነበረች አለችኝ። ከኔ ሁለት ዓመት በፊት። በ11 ቀኗ። ፀጉሯ ግንባሯ ላይ ድረስ ይወርድ ነበር። አባዬ ከጓሮ ባሕር ዛፉ ሥር ነው የቀበራት። ክርስትና ስላልተነሳች ስም አልወጣላትም፤ እማዬ ግን ለብቻዋ ስትሆን የምትጠራት ስም ነበራት። ነገረችኝ። እዚህ አልጽፈውም፤ የሷ ነው። ያንን ባሕር ዛፍ ልጅ ሆኜ ልቆርጠው ስል ለምን እንደመታችኝ አሁን ገባኝ።

እያወራች ካርዴ አለቀ።

እማዬን የማያውቅ ይኼ አይገባውም። ደውላልኝ አታውቅም። ሚስድ ኮል ነው የምታደርገው፤ አንዴ ጠርቶ ይቋረጣል፤ እኔ እደውላለሁ። ከስልክ ጋር እንዲህ ነው የኖረችው። ካርድ ልሞላ እየተጣደፍኩ ሳለ ስልኬ ጠራ። አንዴ ጠራ። ሁለቴ ጠራ። ሦስቴ። አልተቋረጠም።

አነሳሁት። «እና ልነግርህ የነበረው…» ብላ ካቆመችበት ቀጠለች።